የቮልሷ ቤንዚን ጌጅ፦ ከደብረ ማርቆስ የሥራ ማስታወሻ

መኪናዋ ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት፣ ሞተሯ 1300፣ ባለ 12 ቮልት። መጀመሪያ አባቴ ነዳት፣ ከዚያ ታላቅ ወንድሜ፣ አሁን እኔ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ፍሬኗ ይይዛል። ፍሪሲዮኗም ካምቢዮዋም አያስቸግሩም። የቤንዚን ጌጇ ግን እውነቱን አይናገርም።

በኋላ ስለሚጠቅም ምልክቱን አሁኑኑ ልጻፈው። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ግማሽ ሲሆን ቀስቷ ሦስት አራተኛ ላይ ትቆማለች። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ሩብ ያህል አለ ትላለች። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ደግሞ ቀስ እያለች ትወርዳለች፣ አስፋልት ሳገኝ ተመልሳ ትወጣለች። ማለትም አንዴ ታጋንናለች፣ አንዴ ታሳንሳለች።

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ይህ ብዙም አያስጨንቅ ይሆናል። እኛ ግን ጎጃም ነን። ከማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሌላው አቅጣጫ ፍኖተ ሰላም ከ80 ይበልጣል። ከደጀን በታች ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። እዚያ ዳገት ላይ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ተደርድሮ፣ ቤንዚን ማለቅ ማለት ምን እንደሆነ ያየ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ማደያ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። ስንት እንደቀረኝ ሳላውቅ መንገድ መውጣት አልፈልግም። ስለዚህ ጌጇን ከሥሩ ላያት ወሰንኩ። እግረ መንገዴን የሠራሁትን እጽፋለሁ፣ ቮልስ ያለው ሁሉ ይጠቀምበት።

ቅዳሜ ጠዋት

ብሎን ሳልፈታ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለግኩ።

የድሮዎቹ ቮልሶች፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1961 የተሠሩት፣ ጭራሽ ጌጅ አልነበራቸውም። ሹፌሩ እግሩ ሥር አንዲት የቤንዚን ቧንቧ ነበረችው። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግሩ ያዞራታል፣ የተጠባባቂው ቤንዚን ይለቀቃል፣ በዚያ እስከ ማደያ ይደርሳል። ከዚያ በገመድ የሚሠራ ጌጅ መጣ። ተንሳፋፊው ሲወርድ ገመዱን ይስባል፣ ገመዱ ቀስቷን ያንቀሳቅሳል። ከ1968 ሥሪት ጀምሮ ደግሞ በኤሌትሪክ ሆነ። የኔዋ የዚህ ዓይነት ናት።

የኤሌትሪኩ አሠራር ቀላል ነው። ሰልባቲዮው ውስጥ በቀጭን ክንድ ላይ የተሰካ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲቀንስ ክንዱ ይወርዳል። ክንዱ በሌላው ጫፉ በቀጭን የተጠመጠመ ሽቦ ላይ ይንሸራተታል፣ በዚህም የኤሌትሪክ መከላከያው (የኤሌትሪክ ጅረቱን የሚያግድበት መጠን፣ በኦም የሚለካው) ይለወጣል። የቮልስ ልኩ ባዶ ሲሆን 73 ኦም ገደማ፣ ሙሉ ሲሆን 10 ኦም ገደማ ነው። ይህንን ሁሉ የያዘው ዕቃ ሴንደር ይባላል። ከሴንደሩ አንድ ሽቦ ተነሥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ጌጅ ይገናኛል። ጌጁ የተቀመጠው በኪሎ ሜትሩ ሰሌዳ ውስጥ ነው። ከኪሎ ሜትሩ ጀርባ ደግሞ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አለች። የእሷ ሥራ ከባትሪ የሚመጣውን ኃይል እየቆራረጠች ዝቅ ያለና ያልተዋዠቀ አድርጎ ለጌጁ መስጠት ነው። ባትሪው ሲደክምም ሆነ ዲናሞው በደንብ ሲሞላ ቀስቷ ቦታዋን እንዳትለቅ የምታደርገው እሷ ናት።

ቀስቷን የሚያንቀሳቅሳት ሙቀት ነው። ጌጁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቀጭን ቅጠል አለ። ጅረቱ ሲያሞቀው ይታጠፋል፣ ቀስቷን ይገፋል። ቁልፍ ሲከፈት ቀስቷ ቀስ ብላ የምትወጣው ለዚህ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ነገረችኝ። ቀስቷ በባሕርይዋ ዝግተኛ ከሆነች አንድ ጉድጓድ አያወርዳትም። ኮብልስቶን ላይ የምትወርድ ከሆነ ግንኙነቱ ደጋግሞ እየተቋረጠ ነው። ስለዚህ የላላ ወይም የዛገ ቦታ አለ።

ቅዳሜ ረፋድ

የመጀመሪያው ፍተሻ ሰልባቲዮውን መክፈት አይጠይቅም። ቮልስ ሰልባቲዮዋ ከፊት ነው፣ ሻንጣ በሚቀመጥበት ኮፈን ሥር። ኮፈኑን ከፍቼ ምንጣፉን አነሣሁ። የሴንደሩ ክዳን ከላይ ይታያል።

ደህንነቱን አስቀድሜ ልናገር። ቤንዚን ባለበት ብልጭታ አይፈለግም። ሽቦ የምነካካው ቁልፉ ተዘግቶ ነው። መጀመሪያ አገናኛለሁ፣ ከዚያ ሄጄ ቁልፍ እከፍታለሁ። ግቢው ውስጥ፣ ንፋስ በሚገባበት። ሲጋራም ከሰል ማንደጃም አጠገቡ አይደርስም። እናቴ ቡናውን ጓሮ እንድታፈላ የለመንኳት ለዚህ ነው።

ሽቦውን ከሴንደሩ ነቀልኩና ቁልፍ ከፈትኩ። ቀስቷ ታች ቀረች። ትክክል ነው። ቁልፍ ዘግቼ ያንኑ ሽቦ ከሰልባቲዮው ራቅ አድርጌ ከቦዲው ማሳ (ጅረቱ ወደ ባትሪው ከሚመለስበት ብረት) ጋር አገናኘሁና እንደገና ከፈትኩ። ቀስቷ ወጣች፣ ሙሉውን ምልክት አለፈች። ወዲያው ዘጋሁ፣ እንደዚያ ማቆየት ጌጁን ያቃጥላል። ስለዚህ ጌጁ በሕይወት አለ። ሽቦውም መሐል ላይ አልተቆረጠም። ችግሩ ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ነው፣ ወይም በሁለቱም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሴንደሩ ማሳ የሚያገኘው በራሱ አካል በኩል ነው። ከክዳኑ ወደ ቪቴዎቹ፣ ከቪቴዎቹ ወደ ሰልባቲዮው፣ ከሰልባቲዮው በአራቱ ማሠሪያዎች ወደ ቦዲው። በእያንዳንዱ መገናኛ ዝገት ወይም ቀለም ካለ መንገዱ ይጠባል። መኪናዋ ደግሞ በዕድሜዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀብታለች። ቀቢዎቹ ማሠሪያዎቹንም ሳይቀር ቀብተዋቸዋል።

ቴስተሩን (የኤሌትሪክ መለኪያውን) አወጣሁ። ቁልፉ ተዘግቶ፣ አንዱን ጫፍ ሴንደሩ ክዳን ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ። ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። 9 አለ። ሰልባቲዮውን በእጄ ጫን ሳደርገው 20 ገባ። ስለቀው 6። ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም። የኮብልስቶኑ ነገር እዚህ ተፈታ።

ይህ መከላከያ በሴንደሩ ላይ ይደመራል። ለቮልስ መከላከያ ሲጨምር ቀስት ይወርዳል። ስለዚህ የማሳ ብልሽት ቀስቷን ዝቅ ያደርጋታል እንጂ ከፍ አያደርጋትም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ማሠሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የሚነኩበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቅኩት። የሴንደሩን ቪቴዎች ራስም እንዲሁ፣ ሳላወጣቸው። በዚያ አልተውኩም። ከሴንደሩ አንድ ቪቴ ሥር ተነሥቶ ቦዲው ላይ ባለ ብሎን የሚታሠር የራሱ ማሳ ሽቦ ጨመርኩለት። ጫፎቹን በካውያ በሊድ በየድኩ፣ እሱን የሠራሁት ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ሲያልቅ ንጹሑን ቦታ እንዳይዝግ ግሪስ ቀባሁት። ቴስተሩ አሁን ከግማሽ ኦም በታች ያሳያል። ሰልባቲዮውን ብገፋው ብስበው አይነቃነቅም።

ቁልፍ ከፈትኩ። ግማሽ ቤንዚን እያለ ቀስቷ ሙሉ አለች።

ማለትም ባሰባት። ኮብልስቶን ላይ ይዤያት ወጣሁ፤ አትወርድም፣ አትወላውልም፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ግን የቆመችበት ቦታ ውሸት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ

ከተማው ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ የመኪና ኤሌትሪክ የሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ግን ለቮልስ ሲባል አይሰለቻቸውም። ቤታቸው ሄድኩ። ጠላ ቀድተው አስቀመጡኝና ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነገሩኝ።

«ጋሼ፣ ማሳውን ሳስተካክል ጌጁ ለምን ይብስበታል?» አልኳቸው።

«ኧረ አልባሰበትም ልጄ» አሉ። «ማሳው ሲበላሽ ወደ ታች ይጎትታት ነበር። ወደ ላይ የሚጎትታት ሌላ ነበር። አንዱን ስታስለቅቀው ሌላው ብቻውን ቀረ።»

«ወደ ላይ የሚጎትታት ምኑ ነው?»

«ከኪሎ ሜትሩ ጀርባ ያለችው ሳጥን። አይተሃታል?»

«አላየኋትም ጋሼ።»

«እንግዲያ እያት። እሷም ማሳ ትፈልጋለች። ማሳ ካጣች መቆራረጡን ትተወውና የባትሪውን ኃይል እንዳለ ትለቀዋለች። ብዙ ሰው ሴንደር ሲቀያይር ይኖራል፣ እሷን የሚያያት የለም።»

ይኼ ነገር እንቅልፍ የሚነሣ ዓይነት ነው። ሁለት ብልሽቶች አንዱ የሌላውን ስሕተት በከፊል እየሸፈነ ስንት ዓመት ኖረዋል። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ይታወቅ ነበር። ወንድሜ ይነዳት በነበረ ጊዜ አንድ ጋራዥ «ሁሉም ይቀየር» ብሎት ነበር፣ ሴንደሩም፣ ጌጁም፣ ሽቦውም። ባለመቀየሩ ደስ ብሎኛል።

አዲስ ሴንደር ስለመግዛት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ሴንደር ሁሉ አንድ አይደለም። የቮልሱ ባዶ ሲሆን ከፍተኛ፣ ሙሉ ሲሆን ዝቅተኛ መከላከያ ነው ያለው። ገበያ ላይ የሚገኙ የአውሮፓ ሴንደሮች ብዙዎቹ ግን ባዶ ሲሆኑ 10፣ ሙሉ ሲሆኑ 180 ናቸው፤ የተገላቢጦሽ። የአሜሪካ ሁለገብ የሚባሉት ደግሞ ባዶ 240፣ ሙሉ 33። የአውሮፓው ሴንደር ቮልስ ላይ ቢገጠም ባዶውን ሙሉ ይላል። ስለዚህ ቦታው ላይ ልክ ገባ ተብሎ አይገዛም። ሱቁ ውስጥ ቴስተር ይዞ ክንዱን እያወጡ እያወረዱ ለክቶ ነው።

እሑድ ከሰዓት

የባትሪውን ማሳ ነቀልኩ። ከኮፈኑ በኩል ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ካርቶን አነሣሁ። ሽቦዎቹ የት የት እንደሚገቡ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። የኪሎ ሜትሩን ገመድ በእጅ አሽከርክሬ ፈታሁ። ሁለት ቪቴ በካቻቢቴ። ኪሎ ሜትሩ ወደ መሪው በኩል ወጣ።

ሳጥኗ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ኪሎ ሜትሩ ጀርባ ላይ ተለጥፋለች። ከሥሯ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት አለ። በጥፍሬ ስነካው ይረግፋል። ማሳ ማግኘት የነበረባት እዚያ በኩል ነው።

ከማጽዳቴ በፊት ግን ማረጋገጥ ፈለግኩ። ቴስተር እዚህ ላይ ብዙ አያግዝም፤ ኃይሉ ስለሚቆራረጥ ቁጥሩ ይዘላል። ትንሽ የመኪና አምፖል ይሻላል። የዳሽቦርድ መብራት ዓይነቷን፣ ሁለት ሽቦ በየድኩባት። አንዱን ሳጥኗ ወደ ጌጁ በምታወጣበት በኩል፣ ሌላውን ማሳ ላይ። ባትሪውን መልሼ ቁልፍ ከፈትኩ። አምፖሏ በራች። እየበራች ቀረች። አንዴም አልጠፋችም። ሳጥኗ ብትሠራ ኖሮ አምፖሏ ብልጭ ድርግም ማለት ነበረባት።

ቁልፍ ዘጋሁ፣ ባትሪ ነቀልኩ። ሳጥኗን አነሣሁ። ሥሯንም፣ የተቀመጠችበትንም በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩ። በጥርስ ብሩሽ አራገፍኩት። መልሼ ጥብቅ አድርጌ አሠርኳት። ለእሷም የራሷን ማሳ ሽቦ ጨመርኩላት፣ ከአካሏ ወደ ዳሽቦርዱ ብረት።

እንደገና ባትሪ፣ እንደገና ቁልፍ። አምፖሏ በራች። ትንሽ ቆየች። ጠፋች። በራች። ጠፋች። የእህቴን ልጅ ጠርቼ አሳየሁት። «አጎቴ፣ ልክ እንደ ፍሬቻ ነው» አለኝ። ከፍሬቻ ያነሰ ፍጥነት ነው ግን አሠራሩ በእርግጥ የዚያው ዘር ነው፤ ሲሞቅ የሚላቀቅ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነካ ብረት።

ኪሎ ሜትሩን መለስኩ። የሴንደሩን ሽቦ አገናኘሁ። ቀስቷ ቀስ ብላ ተነሥታ ከግማሹ ምልክት ትንሽ ከፍ ብላ ቆመች። ዲናሞው ሲሞላም፣ መብራት ሲበራም ቦታዋን አለቀቀችም። ደስታዬን አልደብቅም። ይህችን መኪና አባቴ ሲነዳ ጌጁ እንደዚህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ማታ

እስካሁን ምንም ዕቃ አልገዛሁም። ሴንደሩን ግን ሳላይ ማለፍ አልፈልግም። ከላይ በኩል ትክክል የሚመስል ጌጅ ከታች ሊያሳስት ይችላል።

ቤንዚኑን ቀን ላይ አወጣሁት። በአፍ መሳብ የሚባለውን ተዉት። ሳንባ ውስጥ የገባ ቤንዚን ቀልድ አይደለም። የቮልስ ቤንዚን የሚወጣው ከሰልባቲዮው ሥር ስለሆነ እዚያ ያለውን ጎማ ቱቦ መንቀል በቂ ነው፤ ራሱ ወደ ጀሪካን ይወርዳል። ጀሪካኑን መሬት ላይ፣ ባትሪውን ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ ርቆ።

የሴንደሩን አምስት ቪቴዎች አወጣሁ። ሴንደሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ክንዱ ስላለ ዘንበል አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። ጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በሰልባቲዮው መሐል ያለው ማሸጊያ) እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ክዳኑ ላይ የቤንዚን ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነበር።

ተንሳፋፊውን ጆሮዬ ጋ አድርጌ ነቀነቅኩት። የውስጥ ድምፅ የለውም። ቤንዚን የጠጣ ተንሳፋፊ ይሰማል፣ ይከብዳልም፤ ቀስቷንም ያወርዳታል። የኔው ደህና ነው።

ቴስተሩን ገጥሜ ክንዱን ከታች ወደ ላይ በጣም በዝግታ አንቀሳቀስኩት። ከታች 75። 70። 62። 55። ከዚያ ከ40 አካባቢ ድንገት ምንም። መስመሩ ተቋረጠ። ትንሽ ስገፋው 36 ብሎ ቀጠለ። ከላይ 11 ላይ ቆመ። ከታችና ከላይ ለልኩ ቅርብ ነው። መሐል ላይ ግን የሞተ ቦታ አለ። ያ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀስቷ ባዶ ትላለች ማለት ነው። ግማሽ አካባቢ ስለሆነ የሚነዳው ሰው «ኮብልስቶኑ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ጥጥና ንጹሕ አልኮል ወሰድኩ። የተጠመጠመው ሽቦ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፣ ስለዚህ መፋቅ የለም። ማርጠብ፣ ማቆየት፣ በቀስታ መጥረግ ብቻ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ቀይሬ ደገምኩ። የክንዱን መንካኪያ ምላስም በጣም ጥቂት ወደ ሽቦው አስጠጋሁ፣ ጠበቅ ብሎ እንዲነካ። ከዚያ ክንዱን ደጋግሜ አወጣሁ አወረድኩ። የሞተው ቦታ ጠፋ። ከ75 እስከ 11 አንዴም ሳይዘል ይሄዳል።

ለጓርኒሲዮኑ ሰፈር ውስጥ «ከካላማዳሪያ ቁረጥለት» ያለኝ ብዙ ነው። የጎማ ካላማዳሪያ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ለውኃ ይሆናል፣ ለቤንዚን አይሆንም። የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት የቡሽ ጓርኒሲዮን ቅጠል ገዛሁ። አሮጌውን አብነት አድርጌ በመቀስ ቆረጥኩ። የቪቴዎቹን ቀዳዳ በጋለ ምስማር ሳይሆን በመብሻ በሳሁ።

ሐሙስ

አሁን የልኬቱ ሥራ። እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ ይኼ ነው።

የቮልስ ሰልባቲዮ ወደ 40 ሊትር ይይዛል። ቅርጹ ግን የተስተካከለ ሳጥን አይደለም። ከላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ታች ይጠባል። ስለዚህ የከፍታው ግማሽ የቤንዚኑ ግማሽ አይደለም። ይህንን በዓይኔ ለማየት ፈለግኩ።

ጀሪካን ላይ የተጻፈ ሊትር አላምንም። ባለ አምስት የሚባለው አንዳንዱ ከአምስት ይበልጣል። አንዱን አዲስ ጀሪካን ሱቅ ወስጄ ባዶውን አስመዘንኩት። ከዚያ ልክ አምስት ኪሎ ውኃ እስኪሆን ሞላሁት። አምስት ሊትር ውኃ አምስት ኪሎ ነው። ውኃው የደረሰበትን በምላጭ ጭሬ ምልክት አደረግኩ። ውኃውን ደፍቼ ፀሐይ ላይ በደንብ አደረቅኩት፤ ቤንዚን ውስጥ የውኃ ጠብታ አይፈለግም።

መለኪያ ዘንግ ደግሞ ከቀርከሃ ሠራሁ። የእንጅባራ ቀርከሃ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው። ሰንጥቄ አንድ ቀጭን አወጣሁለት፣ ፋቅኩት። መኪናዋን ግቢው ውስጥ ሜዳው ላይ አቆምኩ፣ በውኃ ልክ አረጋገጥኩ። ባዶ ሰልባቲዮ ውስጥ አምስት ሊትር በሴንደሩ ቀዳዳ አፈሰስኩ። የማፍሰሻውን ከሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ ነው የሠራሁት። ዘንጉን ወደ ታች አወረድኩ፣ አወጣሁ። ቤንዚን ያረጠበው ቦታ ሳይደርቅ ቶሎ በቢላ ጫር። ሌላ አምስት። ጫር። ሌላ አምስት።

የመጀመሪያው አምስት ሊትር ከአራት ጣት በላይ ወጣ። ከመሐል በኋላ እያንዳንዱ አምስት ሊትር ሁለት ጣት አይሞላም። ስለዚህ ቀስቷ ከላይ በዝግታ፣ ከታች በፍጥነት ብትወርድ ጥፋቷ አይደለም። ሰልባቲዮው እንደዚያ ነው።

እዚህ ላይ መምረጥ ነበረብኝ። ክንዱን በፒንሳ ትንሽ በማጠፍ ቀስቷን ወደምፈልገው ቦታ ማምጣት ይቻላል። ግን ሁሉም ቦታ ላይ ልክ ማድረግ አይቻልም። ከላይ ካስተካከልኩ ከታች ይስታል። አንዳንዱ ሰው ሞልቶ ሲወጣ ቀስቷ ሙሉው ምልክት ላይ ቁጭ ስትል ማየት ይወዳል። እኔ ግን ሰልባቲዮው ሲሞላ ጌጅ አያስፈልገኝም፤ ያኔ እኔው አውቃለሁ፣ አሁን ነው የሞላሁት። ጌጅ የሚያስፈልገኝ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የታችኛውን ለማስተካከል፣ የላይኛውን ደግሞ እንደሆነው ለመተው ወሰንኩ።

የቮልስ ጌጅ የታችኛው ምልክት ባዶ አይልም፣ «አር» ፊደል ነው ያለው፤ የተጠባባቂው ምልክት። ቀስቷ እዚያ ስትደርስ አምስት ሊትር ገደማ መቅረት አለበት። ያንን ነው ዒላማ ያደረግኩት።

ቤንዚኑን መልሼ አወጣሁ፣ ሰልባቲዮውን በጨርቅ ሸፈንኩ። ሴንደሩን ከመኪናዋ ራቅ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩ። ጨርሶ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። በረጅም ሽቦ ከጌጁ ጋር፣ በሌላ ረጅም ሽቦ ከቦዲው ማሳ ጋር አገናኘሁት። ከክዳኑ እስከ ተንሳፋፊው ያለውን ርቀት በቀርከሃው ላይ ካለው የአምስት ሊትር ምልክት ጋር አስማማሁ። የእህቴ ልጅ መሪው ጋ ተቀምጦ ቀስቷን ያያል፣ ይነግረኛል። «ከአር በላይ ናት አጎቴ።» ክንዱን ትንሽ አጠፍኩ። ቀስቷ ዝግተኛ ስለሆነች ከእያንዳንዱ ማጠፍ በኋላ መጠበቅ ግድ ነው። «አሁንም ትንሽ ከፍ ብላለች።» ሌላ ትንሽ። «አሁን አር ላይ ናት።» ቆየን። «አልተንቀሳቀሰችም።»

ቅዳሜ

ሴንደሩን በአዲሱ ጓርኒሲዮን ገጠምኩ። ቪቴዎቹን በተራ ሳይሆን አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ማዶ እያደረግኩ አጠበቅኩ፣ ቡሹ እኩል እንዲጫን። ክንዱ ከሰልባቲዮው ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ አረጋገጥኩ። በተመዘነው ጀሪካን አምስት አምስት እያልኩ ሞላሁ፣ በየመሐሉ ቀስቷን መዘገብኩ። አምስት ላይ አር። አሥር ላይ ከአር በግልጽ ከፍ። ሃያ ላይ ከግማሹ ትንሽ አለፍ። ሠላሳ አምስት ላይ ለሙሉው ምልክት የጣት ስፋት ሲቀራት። የላይኛው እንደሚስት አውቀዋለሁ፣ ፈቅጄ ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ የፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጠፍኩት፣ መኪናዋን የሚወስድ ሰው ሁሉ እንዲያየው።

ከዚያ ደጀን ድረስ ነዳሁ። የፈለግኩት ቁልቁለቱን ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁል ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርጄ መዞሪያ አገኘሁና ተመለስኩ። ስወርድ ቤንዚኑ ወደ ፊት ይተኛል፣ ቀስቷ ዝቅ አለች። ስወጣ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ቀስቷ ከፍ አለች። ልዩነቱ ብዙ ባይሆንም ልብ መባል ያለበት ነው፤ ዳገት ላይ፣ ቤንዚን በሚበላበት ሰዓት፣ ካለው የበለጠ ታሳያለች። ስለዚህ ውሳኔ የሚሰጠው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ይህንንም ወረቀቱ ላይ ጨመርኩት።

የመጨረሻው ፈተና

ለጉዳይ ባሕር ዳር መሄድ ነበረብኝ። ከማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር። ሰልባቲዮውን ጢም አድርጌ ሞላሁ። ለማንኛውም አምስት ሊትር በጀሪካን አስከተልኩ። ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አለፍኩ። ቀስቷ በወረቀቱ ላይ በጻፍኩት መሠረት ወረደች። ባሕር ዳር አደርኩ። ሆን ብዬ ሳልሞላ ተመለስኩ።

እንጅባራ መግቢያ ላይ ቀስቷ አር ላይ ተቀመጠች። ማደያ ገባሁ፣ ዕድለኛ ሆኜ ቤንዚን ነበረ። ቀጂው ልጅ እስኪሞላ ድረስ ቆጣሪውን አየሁ። 34 ሊትር ከጥቂት ወሰደች። ኮፈኑን ከፍቼ የሴንደሩን ዙሪያ በጣቴ ዳሰስኩ። ደረቅ ነው፣ አይሸትም። ጀሪካኑን ሳልነካው ወደ ማርቆስ ቀጠልኩ።